የገና ልጅ፦ የአንቶኒዮ ዲ ናታሌ ጉዳይ

በጣልያንኛ ናታሌ ማለት ገና ነው፤ በዓሉ። ዲ ናታሌ የሚለውን ስም ወደ እኛ ብናመጣው «የገና» እንደማለት ነው። ገና ደግሞ ለእኛ ሌላም ትርጉም አለው። ወጡ ካልበሰለ «ገና ነው» እንላለን። የጣልያናዊውን አጥቂ የአንቶኒዮ ዲ ናታሌን የክለብ ሕይወት ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይሄኛው ገና ነው።

ከቁጥሩ ልጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዲ ናታሌ በሴሪ አ፣ በጣልያን ከፍተኛው ሊግ፣ 209 ጎል አለው። ሮቤርቶ ባጆ እንኳ 205 ላይ ነው የቆመው። ዲ ናታሌ ጫማውን ሲሰቅል በሊጉ የምንጊዜም ግብ አግቢዎች ዝርዝር ስድስተኛ ነበር። ከፊቱ የነበሩት ፒዮላ፣ ቶቲ፣ ኖርዳል፣ ሜያሳ እና አልታፊኒ ብቻ ናቸው።

እስከ 2009 ክረምት ድረስ ግን የነበረው 73 ጎል ነው። 32 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ማለት ነው። የቀሩት 136 ጎሎች ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። እኩዮቹ ቤንች ማሞቅ በጀመሩበት፣ አንዳንዶቹም ወደ ሀብታም የባሕረ ሰላጤ ክለቦች ለመጨረሻ ደሞዝ በሄዱበት ዕድሜ።

ረጅሙን ጊዜ የተጫወተበትን ክለብ፣ የኡዲኔዜውን ብቻ ብንወስድ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። ከ2004 እስከ 2009 በ161 የሊግ ጨዋታ 55 ጎል። ከ2009 እስከ 2016 በ224 ጨዋታ 136 ጎል። መጀመሪያ ላይ ለአንድ ጎል ወደ ሦስት ጨዋታ ይፈጅበት ነበር። ኋላ ላይ ሁለት ጨዋታም አልሞላ።

ሰው ሲያረጅ እንዴት ይሻለዋል? ይሄ ሁሉ የሆነውስ ትልልቆቹ ክለቦች ባሉበት በሚላን ወይም በቱሪን ሳይሆን ለምን በኡዲኔዜ ከተማ በኡዲኔ ሆነ? ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ይመስላሉ። እኔ ግን መልሳቸው አንድ ነው ባይ ነኝ።

ልጅነቱን በፍጥነት እንለፈው። ኦክቶበር 1977 ናፖሊ ውስጥ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ቶስካና ውስጥ ወዳለችው ትንሿ ኤምፖሊ ሄዶ በክለቡ የታዳጊ ቡድን አደገ። ዋናው ቡድን ሲደርስ ቦታ አጣ። ኢፔርዞላ፣ ቫሬዜ፣ ቪያሬጆ ወደሚባሉ የታችኛው ዲቪዚዮን ክለቦች በውሰት ተንከራተተ። በ1999 ተመለሰ። በ2001-02 ኤምፖሊ ከሁለተኛው ሊግ ከሴሪ ቢ ሲያድግ 16 ጎል አገባ። ሴሪ አን ያየው 25 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ 13 ጎል አገባና በዚያው ኖቬምበር ለብሔራዊ ቡድን ተጠራ። በ2004 ኤምፖሊ ወረደ፤ እሱም ለኡዲኔዜ ተሸጠ።

ኡዲኔን የማያውቅ ሰው ይህን ታሪክ አይረዳውም። ፍሪውሊ በሚባለው አካባቢ፣ በጣልያን ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ያለች ከተማ ነች። ሕዝቧ ወደ መቶ ሺህ ነው። ከኦስትሪያም ከስሎቬኒያም ድንበር የምትርቀው ጥቂት ነው። ብርዷ የታወቀ ነው። ለናፖሊ ልጅ፣ በፀሐይና በጫጫታ ላደገ ሰው፣ የሀገሩ ሌላኛው ጫፍ ነች። ክለቡ ስኩዴቶ፣ ማለትም የሊጉን ዋንጫ፣ በልቶ አያውቅም። ኮፓ ኢታሊያም የለውም። ከተማዋ ለብዙ ጊዜ ስትኮራበት የኖረችው ብራዚላዊው ዚኮ በ1980ዎቹ ሁለት ዓመት ተጫውቶላት ስለነበር ነው። እንግዲህ ዲ ናታሌ የለበሰው 10 ቁጥር የዚኮ መለያ ነው።

ከ1986 ጀምሮ ክለቡ በፖዞ ቤተሰብ እጅ ነው። ቤተሰቡ ነጋዴ ነው፤ አያፍርበትምም። መልማዮቻቸው ደቡብ አሜሪካን፣ አፍሪካን፣ ምሥራቅ አውሮፓን ያስሳሉ። ሌላው ሳያየው በርካሽ ይገዛሉ፣ ያጫውታሉ፣ ዋጋው ሲወጣ ይሸጣሉ። አሌክሲስ ሳንቼዝን ከቺሊው ኮብሬሎአ የወሰዱት በ2006 ገና ልጅ እያለ ነው።

ዲ ናታሌ በቆየባቸው ዓመታት ከአጠገቡ ማን ማን እንደተሸጠ ተመልከቱ። በ2007 ኢያኩዊንታ ወደ ጁቬንቱስ፣ ሙንታሪ ወደ ፖርትስማውዝ። በ2009 ኳሊያሬላ ወደ ናፖሊ። በ2011 ሳንቼዝ ወደ ባርሴሎና፣ ኢንለር ወደ ናፖሊ። በ2012 ግብ ጠባቂው ሀንዳኖቪች ወደ ኢንተር፣ ኢስላ እና ጋናዊው አሳሞአ ወደ ጁቬንቱስ። በ2013 ቤናቲያ ወደ ሮማ። የአንድ ሱቅ መደርደሪያ በየክረምቱ ተራግፎ እንደገና ይሞላል። ሁሌም በቦታው ያለው ግን አንድ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ሜዳው። ሉቺያኖ ስፓሌቲ በ2004-05 ሲያሰለጥነው ዲ ናታሌ ከሦስቱ አጥቂዎች አንዱ ነበር። ቡድኑ አራተኛ ወጥቶ ለቻምፒየንስ ሊግ አለፈ። ስፓሌቲም በዚያው ወደ ሮማ ሄደ። በኋላ በፓስኳሌ ማሪኖ ጊዜም የዲ ናታሌ ቤት ግራ መስመር ነው። ከግራ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በቀኝ እግሩ ይመታል ወይም ያቀብላል። መሐል ላይ ሌላ ሰው አለ፤ መጀመሪያ ኢያኩዊንታ፣ ቀጥሎ ኳሊያሬላ። የመስመር አጥቂ ሥራ ደግሞ አድካሚ ነው። የተቃራኒ ቡድን ተከላካይ ሲወጣ ተከትለህ ትመለሳለህ። ከጎሉ ስትደርስ ትንፋሽህ አልቋል።

በ2009 ክረምት ኳሊያሬላ ተሸጠ። መሐሉ ክፍት ሆነ። ዲ ናታሌ ገባበት።

በዚያ ዓመት 35 ጨዋታ ተጫውቶ 29 ጎል አገባ። ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ሁለተኛ የወጣው ዲዬጎ ሚሊቶ 22 ነበረው፤ ያውም በዚያ ዓመት ሦስት ዋንጫ በሰበሰበው ኢንተር ውስጥ። ኡዲኔዜ ግን አሰልጣኝ ሲቀያይር ከርሞ ከመካከል በታች ነው የጨረሰው። ይሄ መረሳት የለበትም። በዚያ ዓመት ኳስ እንደ ልብ የሚመጋገብ ቡድን ውስጥ አልነበረም።

እና ምን ተቀየረ? እኔ እንደማየው ሰውዬው አልተቀየረም፤ ቦታው ነው የተቀየረው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ነው። ከግዙፍ ተከላካይ ጋር ተጋፍቶ አያሸንፍም። ስለዚህ አይጋፋም። የተከላካዩ ዓይን በማያየው ትከሻ በኩል ይቆማል፣ ኳሱ ሲለቀቅ አንድ እርምጃ ይቀድመዋል። ያንን እርምጃ ለመቅደም የሃያ ዓመት እግር አያስፈልግም። ኳሱ መቼ እንደሚለቀቅ ማወቅ ነው የሚያስፈልገው። ከዚያ አንድ ንክኪ፤ ብዙ ጊዜ ኳሱ መሬት ሳይነካ። በመስመር ላይ ሳለ ይህ ችሎታ ነበረው፤ ግን በድካም ተሸፍኖ ነበር። መሐል ሲገባ የሚሮጠው ቀነሰ። ከጎሉ ያለው ርቀትም አብሮ ቀነሰ።

ኦገስት 2010። የጉዳዩ እምብርት ይሄ ወር ነው።

ጁቬንቱስ አጥቂ ይፈልጋል። የሊጉን ኮከብ ግብ አግቢ ጠየቀ። ኡዲኔዜ ለመሸጥ ፈቃደኛ ነበር፤ 33 ሊሞላው ለተቃረበ ተጫዋች የሚከፈል ገንዘብ ለነጋዴ ሎተሪ ነው። እምቢ ያለው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ምክንያቱን ሲናገር ቤተሰቡንና በኡዲኔ ያለውን ኑሮ አነሳ። ጁቬንቱስ ፊቱን አዙሮ ኳሊያሬላን ከናፖሊ ወሰደ። አዎ፣ ያንኑ ኳሊያሬላን፤ ከአንድ ዓመት በፊት መሐሉን የለቀቀለትን።

ሰው ይሄን ሲያወራ «ታማኝነት» ይላል። ቃሉን አልጠላውም፤ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ይሰፋል። ዲ ናታሌ የኡዲኔ ልጅ አይደለም። የልጅነት ክለቡም ኡዲኔዜ አይደለም። ለእኔ ሒሳቡን በደንብ ያሰላ ሰው ነው። ቱሪን፣ ጁቬንቱስ ቤት ቢሄድ ምን ይጠብቀዋል? በየሳምንቱ «ዛሬ እሰለፋለሁ ወይ» የሚያሰኝ የአጥቂ ብዛት። በ33 ዓመት ለአዲስ አሰልጣኝ ራስን ማስመስከር። ኡዲኔ ውስጥ ደግሞ ቡድኑ የሚሠራው በእሱ ዙሪያ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ከቤቱ ወጥቶ ዳቦ ሲገዛ የሚያስቸግረው የለም። ይህን ከዋንጫ በላይ የሚመዝን ሰው ፈሪ ነው የሚል ካለ እኔ አልስማማም።

ወዲያው ግን ውሳኔው የተሳሳተ መሰለ። አዲሱ አሰልጣኝ ፍራንቼስኮ ጊዶሊን የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች ተሸነፈ፤ በተከታታይ። ከአራቱ አንዱ በገዛ ሜዳው በጁቬንቱስ 4 ለ 0 ነው። ኳሊያሬላ አንዱን አገባ። ኢያኩዊንታም ሌላውን። ሁለቱም የቀድሞ የኡዲኔዜ ልጆች! ዲ ናታሌ ያን ቀን ማታ ምን እንዳሰበ መገመት አያቅትም።

ከዚያ ቡድኑ ነፍስ ዘራ። ጊዶሊን ከኋላ ሦስት ተከላካይ አቆመ። በሁለቱ ክንፍ አርሜሮና ኢስላ ይበራሉ። መሐል ላይ ኢንለርና አሳሞአ ያርሳሉ። ሳንቼዝን ከመስመር አምጥቶ ከዲ ናታሌ ጀርባ አስቀመጠው። ሳንቼዝ ይሮጣል፣ ያታልላል፣ ሦስት ሰው ይጎትታል። ሽማግሌው አንዲቷን እርምጃ ይቀድማል። በጃንዋሪ ቱሪን ሄደው ጁቬንቱስን 2 ለ 1 አሸነፉ። በፌብሩዋሪ 27 ፓሌርሞን በሜዳው 7 ለ 0 ቀጠቀጡት። ሳንቼዝ አራት፣ ዲ ናታሌ ሦስት። ከሜዳ ውጪ ሰባት ለዜሮ! በጣልያን፣ በመከላከል ሀገር።

ኡዲኔዜ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። ጁቬንቱስ ሰባተኛ። ዲ ናታሌ በ36 ጨዋታ 28 አገባና ከካቫኒ 26 በልጦ በድጋሚ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ሁለት ዓመት አከታትሎ ይህን ያደረገ ከቤፔ ሲኞሪ በኋላ ማንም አልነበረም። ሲኞሪ ደግሞ በ1993 እና 1994 ነው። ኳሊያሬላ በጃንዋሪ ጉልበቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበት የቀረውን የውድድር ዓመት አልጋ ላይ አሳለፈ።

ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ አላቸው ያልኩት እዚህ ጋ ነው። እርጅና የማይጎዳው አጥቂ በዙሪያው የሚሮጥለት ወጣት ይፈልጋል። የፖዞዎች ንግድ ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ወጣት ያመጣል። ሳንቼዝ ሲሄድ ሌላ ይመጣል። ለዲ ናታሌ ኡዲኔዜ በነፃ የሚታደስ የእግር መጋዘን ነበር። ለክለቡም ዲ ናታሌ የሱቁ መስታወት ነበር። ከእሱ አጠገብ የቆመ ልጅ ያምርበታል። ሳንቼዝ በዚያ ዓመት 12 የሊግ ጎል አግብቶ ባርሴሎና ገባ። ሽማግሌውን መሸጥ ለአንድ ክረምት ትርፍ ነው። ማቆየት ግን ሌሎቹን በውድ ያሸጣል። ክለቡ ይህን በ2010 አስቦበት ነበር አልልም፤ ለመሸጥ ዝግጁ ነበርና። ተጫዋቹ ከነጋዴዎቹ የተሻለ ነግዷል።

የሀገራችን የአርሰናል ደጋፊ ምናልባት ዲ ናታሌን የሚያውቀው ከዚህ ቀጥሎ ካለው ነገር ነው። ኦገስት 2011፣ የቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ። ለንደን ላይ ዎልኮት ገና በአራተኛው ደቂቃ አግብቶ አርሰናል 1 ለ 0 አሸነፈ። መልሱ ኡዲኔ ነበር። ዲ ናታሌ በግንባሩ አግብቶ ድምር ውጤቱን እኩል አደረገ። ስታዲየሙ ተናወጠ። ቫን ፔርሲ ለአርሰናል አቻ አደረገ። ከዚያ ኡዲኔዜ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። መቺው አምበሉ ዲ ናታሌ ነው፤ ሌላ ማን ሊሆን። የአርሰናሉ በረኛ ሽቼዝኒ ተወርውሮ አወጣበት። ትንሽ ቆይቶ ዎልኮት ጨረሰው። እዚህ ዲ ኤስ ቲ ቪ ቤት ውስጥ የጮኸው ሰው ያቺን የሽቼዝኒ እጅ አይረሳትም። ኡዲኔ ውስጥም አልተረሳችም።

ዓመቱን ያለ ሳንቼዝ ጀምረው ሦስተኛ ሆኑ። ዲ ናታሌ 23 አገባ። እንደገና ማጣሪያ ደረሳቸው፤ በ2012 ከፖርቱጋሉ ብራጋ ጋር። በሁለቱም ጨዋታ 1 ለ 1። ፍጹም ቅጣት ምት ሆነ። አዲሱ ብራዚላዊ ማይኮሱኤል ኳሷን በቀስታ ወደ መሐል ቆልምሞ ሊያስገባ አሰበ። በረኛው ቆሞ ያዛት። ዳግም ውጪ። ዲ ናታሌ በዚያም ዓመት 23 ጎል አለው። 35 ዓመቱ ነው።

የኪሳራውን መዝገብም መክፈት አለብን፤ አለበለዚያ ጉዳዩ ወደ ውዳሴ ይዞራል። ዲ ናታሌ በኡዲኔዜ 12 ዓመት ቆይቶ አንድ ዋንጫ አላነሳም። በ2005 ከባርሴሎና፣ ከቬርደር ብሬመን እና ከፓናቲናይኮስ ጋር ከተመደቡበት በኋላ የቻምፒየንስ ሊግን ምድብ ድጋሚ አላየም። እምቢ ያለው ጁቬንቱስ ደግሞ በ2012፣ በ2013 እና በ2014 ሻምፒዮን ሆነ። ኳሊያሬላ በሦስቱም ቡድን ውስጥ ነበር። ሦስት ሜዳሊያ አለው። ዲ ናታሌ ቢሄድ ኖሮ ከነዚህ አንዱን እንኳ ያገኝ ነበር ወይ? በ2012 ምናልባት፣ ቤንች ላይ ሆኖ።

ኳሊያሬላ ራሱ ሲጨርስ የት እንደጨረሰ ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። ከጁቬንቱስ ወጥቶ በቶሪኖ በኩል ወደ ሳምፕዶሪያ ሄደ። እዚያ ተቀመጠ፣ አምበል ሆነ። በ2018-19 በ36 ዓመቱ 26 ጎል አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ትልቁን ቤት ያየውም ሰው ጎሉን በብዛት ያገኘው በትንሽ ቤት ነው። ሁለት ሰው ሕግ አይሆንም። ግን የጣልያን ሊግ ቀስ ብሎ የሚጫወት፣ ለሚያስብ አጥቂ የሚመች ሊግ መሆኑን ሁለቱም ያሳያሉ።

ስለ ብሔራዊ ቡድን ጥቂት ልበል፤ የክለብ ጽሑፍ ቢሆንም። በዩሮ 2008 ሩብ ፍጻሜ ቪየና ላይ ከስፔን ጋር በፍጹም ቅጣት ምት ሲለያዩ እሱና ዴ ሮሲ ሳቱ፤ ጣልያን ወጣች። ከአራት ዓመት በኋላ በዩሮ 2012 የመጀመሪያ ጨዋታ ግዳንስክ ላይ ባሎቴሊን ቀይሮ ገባ። ጥቂት ደቂቃ እንደቆየ ፒርሎ ኳስ ሰነጠቀለት። አንዲት እርምጃ፣ አንድ ንክኪ፣ ጎል። ስፔን በዚያ ውድድር ሻምፒዮን እስክትሆን ድረስ የተቆጠረባት ያቺ ጎል ብቻ ናት። ሰውዬው ያኔ 34 ነበር። በአጠቃላይ 42 ጨዋታ፣ 11 ጎል።

ጃንዋሪ 2014 ላይ ደክሞት ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ አቆማለሁ ብሎ ተናገረ። ሰዉም ስንብት አዘጋጀ። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረ። ገና ነኝ አለ። በቀጣዩ ዓመት 14 ጎል ጨመረ፤ ባጆንም አለፈው። 200ኛው የሴሪ አ ጎሉ የመጣው በዚሁ ዓመት ኖቬምበር ላይ ከኪዬቮ ጋር ነው።

የመጨረሻው ዓመት የሽማግሌ ዓመት ነበር። 19 የሊግ ጨዋታ ብቻ፣ አብዛኛው ከቤንች። ጉልበቱም እንደ በፊቱ አልታዘዘለትም። ሜይ 15 ቀን 2016 ኡዲኔዜ በታደሰው ስታዲየሙ ካርፒን አስተናገደ። ለኡዲኔዜ ጨዋታው ስንብት ነው። ለካርፒ ግን የሞት ሽረት፤ ካሸነፈም ሌላ ሜዳ ላይ ያለውን ውጤት ይጠብቃል። ካርፒ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ቢሆንም ከመውረድ አልዳነም። የኡዲኔዜን አንዷን ጎል ያገባው ዲ ናታሌ ነው። በዚያ ዓመት ሁለተኛ የሊግ ጎሉ፣ ለክለቡ በሴሪ አ 191ኛው። ፍጹም ቅጣት ምት ነበረች።